የላስታ መንገድና የመንገድ ባልንጀራ

በደብራችን የ50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ጉባኤ ላይ የተነገረ



ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች አንዱ «ወደ ላሊበላ መኪናም አውሮፕላንም ሲሄድ በእግር መድከም ስለ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆኛልና፥ ዛሬ የምናገረው ለእርሱ መልስ ይሆን ዘንድ ነው። በመኪና መሄድ ነውር አይደለም፤ አሮጊቷንና ድውዩን ከበዓሉ የሚያደርሰውን መኪና የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋራ አልቆምም። ነገር ግን በመኪና የሄደ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ሳያውቀው ይወርዳል፤ በእግር የሄደ ግን ባልንጀራውን በድካሙ ያውቀዋል።

በ2010 ዓ.ም. ለልደት በዓል ከአንድ መሪጌታ ጋራ ከዋድላ ተነሣን። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ በቅኔ ቤትነቱ የሚጠራ አገር መሆኑን ካህናቱ ታውቃላችሁ፤ መሪጌታም በዚያ ቅኔ የተቀኙ፥ በዕድሜም ከእኔ 10 ዓመት የሚበልጡ ሰው ናቸው። ከጋሸና እስከ ላሊበላ በመኪናው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እግረኛ ግን አቋራጭ እየፈለገ ስለሚሄድ የወጣውንና የወረደውን እንጂ ኪሎ ሜትሩን አይቆጥርም።

የምነግራችሁ የሦስተኛውን ቀን ነው። ዕለቱ ዓርብ ታኅሣሥ 27 ነበር። ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን ቁልቁለቱን ያዝነው። ቁልቁለት ይቀላል የሚል ሰው ቁልቁለት ያልወረደ ነው፤ ጉልበት የሚሰበረው በዚያ ነውና። በደጋው ላይ ጣት ያደነዘዘን ብርድ ወደ ተከዜ ስንቀርብ ጠፋ፤ ፀሐዩም ጋቢያችንን ከትከሻችን አስወረደን። ተከዜ በዚያ አገር ከምንጩ ገና ብዙ ያልራቀ ስለ ሆነ በበጋ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል።

ከማዶው አቀበት እኩሌታ ስንደርስ የመሪጌታ ድምፅ ጠፋ። ከማለዳ ጀምሮ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ነበርና ዝምታቸው አስደነገጠኝ። ዘወር ብዬ ባይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ደግፌ ከግራር ጥላ አስቀመጥኋቸው። ጊዜው ቀትር ነው፤ ጾመ ነቢያትም ነው፥ ዓርብም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ገና 3 ሰዓት ይቀራል።

ኮዳውን ከፍቼ «መሪጌታ፥ ውኃ ይቅመሱ» ብላቸው እጃቸውን አነሡ። «ኤልያስ ከዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ በጾምህ ጽና አላለውም» አልኋቸው። «አንተ መልአክ ነህን?» አሉኝ። «መልአክስ ብሆን ተሸክሜ ባሻገርሁዎት ነበር፤ ሰው ስለ ሆንሁ ያለኝ ውኃ ብቻ ነው» ብላቸው ፈገግ አሉ። ቀጥለውም «ብቻዬን ከቀመስሁ ጾም ገዳፊ ነኝ፤ አብረኸኝ ከቀመስህ ግን መንገደኛ ነኝ» አሉ። በሶውን በጥብጬ አብረን ጠጣን። ቀኖና ለደከመ እንዲራራ ሁለታችንም ስናስተምር ኖረናል፤ በራስ ላይ ሲደርስ ግን ለመምህርም ይከብዳል። በእኔ መጠጣት የሚከራከረኝ ካህን ከመካከላችሁ ቢኖር ከጉባኤው በኋላ እንነጋገራለን።

አብረውን የመጡት ሰዎች በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ስፍራ ለመያዝ ገሥግሠው ሄዱ። አልፈርድባቸውም። ከእነርሱ አንድ ወጣት ግን ተመለሰ፤ ምንም ሳይናገር የመሪጌታን አቁማዳ ከትከሻቸው አንሥቶ በትከሻው አደረገ። ከዚያ በኋላ ጥቂት እየሄድን ጥቂት እናርፍ ነበር። መሪጌታ መወድስ ጀምረው በየዕረፍቱ አንድ ቤት ይጨምሩ ነበር። መወድስ 8 ቤት ነው፤ አቀበቱ ግን በ8 ዕረፍት አላለቀምና ሌላ ጀመሩ። እኔ ነጠላውን እያጣጣምሁ ሳለ እርሳቸው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ወጣቱ ግእዝ ባያውቅም «ስንት ቤት ቀረን?» እያለ ይጠይቅ ጀመር።

ሲመሽ የደረስነው ከነአኩቶ ለአብ ነው፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ዋሻ ከጣራው ዐለት የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ጸበል ነው። ጠጥተን በዚያው አደርን።

በማግሥቱ ላሊበላ ገባን። የአገሩ ሰው የተሳላሚን እግር የማጠብ ልማድ አለውና፥ አንዲት እናት ሞቅ ያለ ውኃ ይዘው መጥተው ከመሪጌታ ሊጀምሩ ጎንበስ አሉ። መሪጌታም «የእኔን ስንቅ የተሸከመው ይቅደም» ብለው ወጣቱን አስቀመጡት። እርሱ አፍሮ እግሩን ሰበሰበ። እናቲቱ እንደ ልጃቸው ተቆጥተው ኮንጎ ጫማውን አወለቁት፤ ሁለቱም ተረከዙ ተልጦ ደም ደርቆበት ነበር።