ምክር ለሁሉም ተማሪ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «ስለ ልጆቻችን ትምህርት አንድ ሰው ይናገር» ተብሎ ነገሩ በእኔ ላይ ስለ ወደቀ ይኸው ቆሜአለሁ። መምህር አይደለሁም፤ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ስከፍትና ስዘጋ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ሒሳብና ስለ ፊዚክስ ሳይሆን ተማሪን በስሙ ስለ ማወቅና ስለ መምከር ነው። በትምህርት ቤት «ጋይዳንስ» የሚሉት፣ በእኛ ቋንቋ የምክር አገልግሎት የሚባለው ማለት ነው።

«ይህ የዕድር ጉዳይ ነወይ?» የሚል ይኖራል። አዎ ነው። የእኛ ድንኳን የሚተከለው ለሽማግሌና ለአሮጊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። ተስፋ የቆረጠ ወጣት በስደት መንገድ፣ በመጠጥ ወይም በገዛ እጁ ሲጠፋ ጥሩምባው የሚነፋው በእኛው ደጅ ነው። ቀብሩን የምናሳምር ሰዎች ከቀብሩ በፊት ስላለው ነገር ብንነጋገር ምን ነውር አለበት?

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን የጨረሱት ልጆች ብሔራዊውን ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲወስዱ፣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ይህም በመቶ ሲሰላ 3.3 ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። ከፍ ብሏል፣ ተመስገን ነው። ነገር ግን 8.4 በመቶ ማለት ከአሥራ ሁለት ልጅ አንዱ ማለት ነው። ሬሜዲያል በሚባለው ማካካሻ ትምህርት ሌላ በር የሚከፈትላቸውም አሉ፤ እሱንም አልዘነጋሁም። የቀሩትስ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተማርልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ግባልኝ» ሲባል የኖረ ልጅ ውጤቱን በስልክ አይቶ ስልኩን ኪሱ ሲከት፣ በዚያች ሰዓት የሚያናግረው ማን ነው? አባትየው ተቆጥቷል። እናትየዋ ታለቅሳለች። ትምህርት ቤቱ ክረምት ነው ብሎ ተዘግቷል። ታዲያ ልጁ ወዴት ይሂድ?

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቀደም ሲል የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበረ፤ ልጁን ወደ መሰናዶ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚለየው እሱ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ይህ ፈተና ቀረ። መቅረቱ መልካም ነው አይደለም ለማለት አልበቃም። ግን ያ ፈተና በመንታ መንገዱ ላይ ቆሞ ይናገር የነበረውን ዛሬ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይመርጣል። በምን መርጦ? ጓደኛው የገባበትን ዐይቶ፣ ወይም አባቱ «ዶክተር ሁን» ስላለው ነው። እኛ ወላጆችም የምንመክረው በእኛ ዘመን ነው። በእኛ ዘመን ስድስተኛም ስምንተኛም የጨረሰ ሰው የመንግሥት ወንበር ያገኝ ነበር፤ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ። ያ ወንበር ዛሬ የለም። የሌለ ወንበር እያሳየን ልጅ ማስሮጥ የለብንም።

በአፄው ዘመን «አጠቃላይ» የሚል ስም የተሰጣቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስሙን ያገኙት በከንቱ አልነበረም። ከቀለሙ ትምህርት ጎን የንግድ ሥራ፣ የእጅ ሙያ፣ የቤት አያያዝ፣ የእርሻ ትምህርት በውስጣቸው ነበረ። ታይፕና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተምረው በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤት የገቡ ስንቶች ናቸው! እንግዲህ ትምህርቱ አጠቃላይ ሲሆን ምክሩም አጠቃላይ መሆን ይገባው ነበር።

አሁን ብዙ ቦታ ምክር ሲባል የሚታሰበው አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ባለሙያ ነው። ወደዚያ የሚላከው የተደባደበ፣ የቀረ፣ ያለቀሰ ልጅ ነው። ስለዚህ በዚያ በር ሲገባ የታየ ተማሪ «ምን አጥፍቶ ነው?» ይባላል፤ ደኅናው ልጅ አይደርስበትም፤ ዝምተኛውማ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ጎረቤቴ የሆነ መምህር እንዳጫወተኝ፣ አሜሪካኖቹም ከዚሁ ነገር ተነሥተዋል። ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል ሰው በ1908 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ለወጣቶች የሥራ መምረጫ ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ራስህን እወቅ፣ ሥራውን እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናኝ። ቆየት ብሎ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኖርማን ጋይዝበርስ የተባለ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ምሁርና ባልደረቦቹ፣ ምክር የአንድ ቢሮ ሥራ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሒሳብና እንደ ቋንቋ በዕቅድ ለሁሉም ተማሪ የሚዳረስ ይሁን ብለው ሥርዓቱን ዘረጉ።

ይህን ስሰማ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። ዕድር ማለት ይኸው አይደል እንዴ! እኛ የምንመዘግበው ለቅሶ የደረሰበትን ሰው ብቻ ነው? ሁሉም አባል በደኅናው ቀን ይመዘገባል፣ በደኅናው ቀን ያዋጣል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ «አንተ ማን ነህ?» አይባልም። የቅኔ ቤቱስ ቢሆን? በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው የጎጃም ጉባኤ ቤት የኔታ በየጎጆው ያለውን ተማሪ ያውቁታል፤ ነባሩም አዲሱን ያስጠናዋል። ዳር ቆሞ የሚረሳ የለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልምጣ። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይኑር ይላል። እኛ ጋ 2,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አለ እንበል፤ በዚህ ሒሳብ ስምንት አማካሪ ሊቀጠር ነው። ስምንት ከየት ይመጣል? አንድ ከተገኘም ደግ ነው። ያ አንዱ በቀን ስድስት ልጅ ቢያነጋግር፣ የትምህርቱ ቀን 200 ቢሆን፣ 1,200 ያዳርሳል፤ 800 ይቀራል፤ ሌላ ምንም ሥራ ሳይሠራ ነው ይህም።

ስለዚህ መላው ሌላ ነው። በየክፍሉ የክፍል ኃላፊ መምህር አለ። በክፍሉ 50 ልጅ ቢኖር፣ በሳምንት ሁለት ልጅ ብቻ ለየብቻ ቁጭ አድርጎ ቢያነጋግር፣ በ25 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ጥያቄውም ብዙ አይደለም። የት ነው የምታድረው? ከማን ጋር? የትኛው ትምህርት ቀለለህ፣ የትኛው ከበደህ? ስትጨርስ ምን ልትሠራ ታስባለህ፣ ያ ካልሆነስ? ይቺ የመጨረሻዋ «ያ ካልሆነስ» የምትለዋ ናት ዋናዋ። ነገሩ የከበደውን ልጅ ብቻ መምህሩ ወደ ባለሙያው ያሳልፋል። ያን ጊዜ ባለሙያው ጊዜ ያገኛል፤ መምህሩም ለዚህ ሥራ የክፍለ ጊዜ ጭነቱ ሊቀነስለት ይገባል፤ በባዶ እጅ «ይኸንንም ጨምር» ማለት ግፍ ነው።

የት ታድራለህ ብሎ መጠየቅን ቀላል አታድርጉት። ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድ መጥተው ከተማችን ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ብዙዎቻችን አከራዮች ነን። ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ የሚመለስ ልጅ፣ ሐሙስ ላይ ስንቁ ሲያልቅ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል። ሰነፍ አይደለም፣ ርቦት ነው። ይህን አንድ ጥያቄ ያወጣው ነበር። በዚያም ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመ በመሆኑ፣ ዕድሜው ገፍቶ ከትንንሾቹ ጋር የሚቀመጥ ልጅ አለ። ያየውን አይቷል። እሱን «ለምን ዘገየህ?» ብሎ መጀመር አይገባም።

ሴቶቹን በሚመለከት አማካሪዋ ሴት ብትሆን ወይም ቢያንስ አንዲት መምህርት ለዚሁ ብትመደብ እላለሁ። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም ይላል፤ ነገር ግን ሽማግሌ ቤቷ መግባቱን ልጅቷ ለወንድ መምህር አትናገርም። ለሴት ግን ትናገር ይሆናል።

አሁን የራሴን ሙያ ልናገር፣ ትንሽ ታገሡኝ። ስለ ልጁ የተጻፈው ወረቀት ሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ የውጤትና የአድራሻ ካርድ ነው፤ ይህን ጽሕፈት ቤቱ ይይዘዋል። ሁለተኛው ልጁ በምሥጢር የተናገረው ነው፤ ይህ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ፣ ቁልፉም በአማካሪው እጅ ይሁን። ርእሰ መምህርም ቢሆን ዝም ብሎ አይክፈተው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል፤ አንድ ፋይል ሻይ ቤት ውስጥ ከተወራ ከዚያ በኋላ ማንም እውነቱን አያስጽፍም። የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ምሥጢር ነው ተብሎ ዝም አይባልም፤ ለሚያድነው ሰው ይነገራል፤ ይህም ለልጁ ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል። ደግሞ አማካሪውን ቀሪ ተቆጣጣሪና ቀጪ አያድርጉት። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ያባረረህን ሰው ከሰዓት በኋላ ገብተህ ጉድህን ትነግረዋለህ? እኔ አልነግረውም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል ብትሉ፣ ገንዘብ አልጠይቅም፤ የዕድሩ ገንዘብ ለተቋቋመለት ነገር ይዋል። የምጠይቀው ሰው ነው። በዚህ ጉባኤ ውስጥ ብረት በያጅ አለ፣ ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ፣ ሾፌር፣ ግንበኛ፣ የእህል ነጋዴ፣ ዶሮ አርብታ ልጆቿን ያስተማረች እናት አለች። እያንዳንዳችሁ በዓመት አንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ተማሪዎቹ ፊት ቆማችሁ ሥራችሁ እንዴት እንደሚጀመር፣ ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚያስገኝ፣ ምኑ እንደሚያስመርር ሳትደብቁ ብትነግሯቸው ነው። ቴክኒክና ሙያ መግባት የወደቀ ልጅ ቅጣት እንዳልሆነ ከእኔ አፍ ይልቅ ከበያጁ አፍ ቢሰሙት ያምናሉ።

ፈቃደኛ የሆነ በመውጫው በር ላይ ከዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ስሙንና ሙያውን ያስመዝግብ። ዝርዝሩን ለወላጅና መምህር ኅብረት ኮሚቴ እኔው አደርሳለሁ። አዳራሽ ቢጠብባቸው ደግሞ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ለዚያ ቀን እንድናውስ ሥራ አመራሩ ዛሬውኑ ቢወስን ደስ ይለኛል፤ መጫኛና ማውረጃውን ወጣቶቹ ራሳቸው ይችሉታል።