ሉፕ ሲገባ ስለሚሰማ ሕመም
(ለሴቶች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ሉፕ እርግዝናን ለመከላከል ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነው። የመዳቡ ሉፕ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ሕመሙን ፈርተው ከበር የሚመለሱ አሉ። ኋላም ሳያስቡት ያረግዛሉ።

«ያማል ወይ?» ትላላችሁ። እውነቱን እንነጋገር፤ ያማል። አንዷን ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ ሌላዋን እንደ ምጥ ይቆርጣታል። ወልዳ የማታውቅ ሴት ይበልጥ ሊያማት ይችላል።

ሕመሙ ከምን ይመጣል? አዋላጇ የማኅፀንን አፍ በመሣሪያ ትይዛለች። በቀጭን ዘንግ ጥልቀቱን ትለካለች። ከዚያ ሉፑን ታስገባለች። ማኅፀን ሲነካ ይኮማተራል፤ ቁርጠቱ ከዚህ ነው። ሥራው ግን የጥቂት ደቂቃ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ፍርሃታችሁን ንገሩ። የማኅፀን አፍ ማደንዘዣ መኖሩን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የሚደረገውን ሁሉ አስቀድማ እንድትነግራችሁ ጠይቁ። በረጅሙ ተንፍሱ።

ሦስተኛ፣ ከበዛባችሁ «ይቁም» በሉ። መብታችሁ ነው። «ቻይው፣ የሴት ወጉ ነው» የሚል ቢኖር አትስሙት።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ቁርጠቱ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል። አይቡፕሮፌን የሚባለው ኪኒን ያስታግሣል፤ ጨጓራ ያለባት ግን አስቀድማ ትናገር። ሕመሙ ከባሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ደም ከበዛ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሕመምም እንዲሁ ነው። ተናገሩ!