ጥርሱ ሳይቆም እጅ አይዘርጋ



በመንዝ የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው የጓሳ መስክ፥ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በአጽመ ርስት ተይዞ፥ ለዓመታት እየተዘጋ፥ በአባ ቀራዎች ፈቃድ ሲከፈት ብቻ ይታጨድ ነበር። ክዳኑን የሚሸከመው ወጋግራም በመጥረቢያ ተስተካክሎ በልጥና በገመድ ስለሚታሰር፥ የጫፉ አቆራረጥ እምብዛም አያስጨንቅም ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ፥ የበርና የመስኮት ክፈፍ ግን በዲግሪ የተለካ ጫፍ ይሻሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚዞረው የማዕዘን መጋዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይህ መሣሪያ ሥራን እንደሚያፋጥን ሁሉ አደጋንም ያፋጥናል። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ፥ ጥርሱ የሚጓዘው 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንጨቱም ወደ ጎን ለመንሸራተት ይዳዳል። ክብ የባሕር ዛፍ አጣና ደግሞ አንድ ጎኑ ተጠርቦ ካልተደላደለ ይንከባለላል። ስለዚህ እንጨቱን አጥብቆ መያዝ ያለበት ሞርሳ እንጂ እጅ አይደለም። እጅ ከጥርሱ መንገድ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ክንድም በክንድ ላይ አይሻገር። ማዕዘኑ የሚስተካከለው ሶኬቱ ተነቅሎ ነው። ጥርሱ ሙሉ ፍጥነቱን ሳያገኝ እንጨቱን አይንካ። ቁርጡ ሲያበቃ ማስነሻው ይለቀቅ፤ ጥርሱ ፈጽሞ እስኪቆም መጋዙ ወደ ታች እንደ ወረደ ይቆይ፤ ቁራጩም ከዚያ በኋላ ይነሣ።

ደጋው የራሱ ፈተና አለው። ብርዱ ጋቢና ባና ያስደርባል፤ ዳሩ ግን የተንጠለጠለ ልብስም ሆነ ሰፊ ጓንት ከሚዞር ጥርስ አጠገብ ወጥመድ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑም ተራ ጀነሬተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። መጋዙ ሲደክም ጀማሪ ሠራተኛ አብዝቶ ይጫነዋል፤ ጥርሱም ተቀርቅሮ እንጨቱን ያስፈነጥራል። ልምድ ያለው ግን ግፊቱን ቀንሶ መጋዙ ፍጥነቱን መልሶ እስኪያገኝ ይታገሣል።

የመንዝ አባቶች ሣሩ ጊዜው ሳይደርስ ማጭድ እንዳይነካው ይጠብቁ ነበር። በመጋዝ ፊትም የሚያስፈልገው ይኸው ትዕግሥት ነው። ያለ ጊዜው የታጨደ ሣር እንኳ ከዓመታት በኋላ ያገግማል፤ የተቆረጠ ጣት ግን ዳግመኛ አይበቅልም።