ካዛንቺስ ወይስ ባሕር ዳር? ያው ደመወዝ የት ይበቃል?

እሷ፦ በተመሳሳይ ደመወዝ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ መኖር ይሻላል ወይስ ባሕር ዳር?

እሱ፦ ባሕር ዳር ነዋ! ጤፉ ከጎጃም፣ ዓሣው ከጣና፤ ደጃፍ ላይ።

እሷ፦ ቆይ እስቲ፤ ዘይቱስ? በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ሽቅብ ነው።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ኪስ የሚያራቁተው ግን የቤት ኪራይ ነው።

እሷ፦ ለኪራዩማ አዋጁ አለ አይደል? ቁጥር 1320/2016፤ ውል ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይብለጥ ይላል።

እሱ፦ ይላል፤ ቤቱ ከሌለስ? በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስንቱ ወደ ከተማው ዳር ወጣ!

እሷ፦ እውነት ነው። ሥራው በእግሩ ይደርስ የነበረ ሰው አሁን ታክሲ ይቀያይራል።

እሱ፦ ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ይበቃል።

እሷ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። የሥራ ዕድሉ ግን አዲስ አበባ ይበዛል።

እሱ፦ እንግዲያው ቋሚ ደመወዝ ላለው ባሕር ዳር፣ ሥራ ለሚፈልግ አዲስ አበባ።

እሷ፦ ተስማማን! ተከራዮች፣ የትም ኑሩ የት፣ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ማስመዝገቡን አትርሱ።