ዘውድ ወይስ ጎፈር?

ወገኖቻችን፣ መደመርንና ማባዛትን እየለመዳችሁት ስለሆነ ዛሬ አንድ የገበያ ጨዋታ አብረን እንመርምር። ጨዋታው የልጆች ይመስላል፤ ኪስ ግን ያራቁታል።

አንድ ቁማርተኛ ሁለት ሳንቲም ይዞ ገበያ ዳር ተቀምጧል እንበል። ባለ 1 ብሩ ሳንቲም በአንድ ፊቱ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ሚዛን አለበት። አንበሳውን ጎፈር፣ ሚዛኑን ዘውድ እንበለው። (ዘውዱ ከሳንቲም ላይ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ከአፋችን አልወጣም።) ሰውዬው ሁለት ገበሬዎችን ጠርቶ «እያንዳንዳችን 1 ብር እናስይዝ። ሁለት ዘውድ ሲወጣ የአንተ፣ ሁለት ጎፈር ሲወጣ የአንተ፣ አንድ አንድ ሲሆን የእኔ። የደረሰው 3ቱንም ብር ይውሰድ» ይላቸዋል። ለሦስት ሰው ሦስት ዕድል! ታዲያ ምን ነውር አለው?

እስቲ እንቁጠር። አንደኛውን ሳንቲም በከሰል አጥቁሩት። ጥቁሩ ዘውድ ቢሆን ነጩ ዘውድ ወይም ጎፈር ይሆናል፤ ይህ ሁለት ነው። ጥቁሩ ጎፈር ቢሆንም ነጩ እንደዚያው ነው፤ ይህም ሁለት። በጠቅላላው አራት ሆነ ማለት ነው። ከ4ቱ አንዱ ሁለት ዘውድ፣ አንዱ ሁለት ጎፈር ነው። የቀሩት ሁለቱ የሰውዬው ናቸው! ከሰሉን ብታጥቡትም ሳንቲሞቹ ያው ሁለት ናቸውና ቁጥሩ አይለወጥም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ4 ውርወራ እያንዳንዱ ሰው 4 ብር ያስይዛል። አወጣጡ እንደ ቆጠራችን ቢሆን ሰውዬው ሁለቴ አሸንፎ 6 ብር ይወስዳል፤ ትርፉ 2 ብር ነው። ገበሬዎቹ ሦስት ሦስት ብር ያገኛሉ፤ አንድ አንድ ብር ይጎድልባቸዋል። እርግጥ በ4 ውርወራ ልክ እንዲህ ላይወጣ ይችላል። ገበሬው መጀመሪያ ላይ ሊያሸንፍም ይችላል፤ ያን ጊዜ ነው ልቡ የሚሞቀው። ቁማርተኛው ግን አይቸኩልም። እስከ ማታ 200 ጊዜ ቢወረወር ትርፉ ወደ 100 ብር ይጠጋል። ሳንቲሙን መጥረብ፣ እጁን ማፍጠን አላስፈለገውም።

ይህን ቆጠራ መሳት ካለመማር ብቻ የሚመጣ አይደለም። ዳላምቤር የተባለ ስመ ጥር የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመ ጽሑፉ፣ በሁለት ውርወራ ቢያንስ አንድ ዘውድ የማግኘት ዕድል ከ3 ሁለት ነው ብሎ ተከራክሯል። ትክክሉ ከ4 ሦስት ነው። በከሰላችሁ ቁጠሩት፤ ታገኙታላችሁ።

ዳይስም ከዚህ አይለይም። አንዱ ዳይስ 6 ፊት ስላለው ሁለቱ ሲወረወሩ 6 ጊዜ 6፣ 36 ዓይነት አወጣጥ አለ። ድምሩ 12 የሚሆነው 6ና 6 ሲወጣ ብቻ ነው። 7 ግን በ1ና 6፣ በ2ና 5፣ በ3ና 4፣ ደግሞም ተገልብጦ በ4ና 3፣ በ5ና 2፣ በ6ና 1 ይመጣል፤ ስድስት መንገድ አለው። እንግዲህ «ከ2 እስከ 12 ያሻህን ቁጥር ያዝ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ አስቀድሞ 7ን ማን እንደያዘው እዩ።

8 በስንት መንገድ ይመጣል? ማታ በደብተራችሁ ቆጥራችሁ ነገ ንገሩን።