እሪታችን በከንቱ እንዳይሆን

(በፒያሳ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከፒያሳ ዝቅ ብለው ከሚገኙት የድሮ ሰፈሮች የአንዱ ስም «እሪ በከንቱ» ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው፥ በድሮ ጊዜ ሌባ የጣለው ሰው «እሪ!» ብሎ ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ሌባ አይደለም። በየቤታችን ስላለው ጭንቀትና ሰሚ ስላጣው ወላጅ ነው።

ጭንቀት ምንድን ነው? ጭንቀት ሐሳብ ሲበዛ በሰውነትና በጠባይ ላይ የሚታይ ነገር ነው። የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ራሱን ያመዋል። ምግብ አይበላለትም። በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። ይህ በማናችንም ላይ ይደርሳል። ስንፍናም አይደለም፤ እርግማንም አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት እንበል። ዝናቡ ዘግይቷል። በሬው ታሟል። ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁ «አባባ፥ ደብተር አለቀብኝ» ይለዋል። ይኼኔ አባት በልጁ ላይ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ይመታዋል። አባትን ያስጮኸው ደብተሩ ሳይሆን ዕዳው ነው። ልጁ ግን ይህን አያውቅም። «አባቴ ጠልቶኛል» ብሎ ይተኛል። እናትም ፈርታ ዝም ትላለች። እንዲህ እያለ የአንድ ሰው ጭንቀት የቤተሰቡ ሁሉ ጭንቀት ይሆናል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። የተጣሉትን ሽማግሌ ያስታርቃል። የከበደውን ነገር ለነፍስ አባት ይነግሩታል። ሐዘን ሲደርስ ዕድር ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና አለ። ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ያወራል፤ ሲያወራም ይቀለዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ግን ጎረቤት በቀላሉ ይበተናል። በዚህ በፒያሳ የሆነውን እዩ። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ የቆዩ ሰፈሮች ፈረሱ። ብዙ ነዋሪዎችም በከተማው ዳር ወዳሉ ሰፈሮች ተዛወሩ። ከእነርሱ መካከል ከድሮው የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ። ነገር ግን ዕቃ በመኪና ሲጫን ጎረቤት አብሮ አይጫንም። በገጠርም ቢሆን ልጆቻችን ወደ ከተማ ሄደዋል። ወደ ዓረብ አገር የሄዱም አሉ። ቡናው ይፈላል፤ የሚያወሩት ሰው ግን ሩቅ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዱ መንገድ ስልክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሲዘረጋ፥ ስልክ የቤተ መንግሥት ሥራ መፈጸሚያ ነበር። ዛሬ በእረኛ እጅም ይገኛል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቤተሰብም እቤቱ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በ8335 ቁጥር እየደወለ ስለ በሽታው ይጠይቅ ነበር። ስለ ሰውነት በሽታ በስልክ መጠየቅ ከተቻለ፥ ስለ ጭንቀትም መመካከር ይቻላል። ዛሬ በስልክም፥ በኢንተርኔት መልክ ለመልክ እየተያዩም ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በሌላ አገር የቆየ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 በለንደን ከተማ ቻድ ቫራ የሚባሉ ቄስ፥ ሕይወት የመረራቸው ሰዎች የሚደውሉበት አንድ ስልክ በቤተ ክርስቲያናቸው አዘጋጁ። ብዙ ሰው ደወለ፤ ብዙ ሰውም መጣ። ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ሻይ እየሰጡ የሚያስተናግዱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ቄሱ ውለው አድረው አንድ ነገር አስተዋሉ። ብዙዎቹ እንግዶች ከሻይ አቅራቢዎቹ ጋር ካወሩ በኋላ ቀሏቸው፥ ቄሱን ሳያዩ ይሄዱ ነበር። የጠቀማቸው የተማረ ሰው ንግግር ሳይሆን የሚያዳምጥ ጆሮ ነበር።

በአፍሪካም ምሳሌ አለን። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ ሐኪም በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ በሐራሬ ከተማ 14 በዕድሜ የገፉ እናቶችን አሠለጠኑ። እነዚህ እናቶች በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግረኛውን ያዳምጣሉ። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት የዚህን ሥራ ውጤት አሳየ። ከስድስት ወር በኋላ፥ በአግዳሚ ወንበሩ ምክር ካገኙት ሰዎች የድብርት ምልክት የቀረባቸው ከመቶ 14 ያህሉ ናቸው። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ።

ጥሩ አማካሪ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ያዳምጣል። አይቆጣም፤ አይፈርድም። ቀጥሎ «ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቅዎ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በዚህ ሳምንት ሊደረግ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር እንድንመርጥ ይረዳናል። ያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ቢደውል ኖሮ ዕዳው በስልክ አይከፈልለትም። ነገር ግን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሄዶ ጊዜ እንዲሰጡት መጠየቅን ሊመርጥ ይችላል። ማታም ልጁን አስቀምጦ «የተቆጣሁት በአንተ አይደለም፥ ልጄ፤ ዕዳ አሳስቦኝ ነው» ሊለው ይችላል። ይህች አንዲት ቃል ልጁን በሰላም ታስተኛለች።

ነገር ግን በስልክ የሚያወራ ሁሉ አማካሪ አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን አንርሳ።

አንደኛ፥ የአማካሪውን ስም፥ ሙያና የሚሠራበትን ቦታ እንጠይቅ። ከጤና ባለሙያም እናጣራ።

ሁለተኛ፥ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ አስቀድመን እንወቅ። «አሁኑኑ ገንዘብ ላክ» ለሚል ለማናውቀው ሰው ምንም አንላክ።

ሦስተኛ፥ የባንክና የስልክ ምስጢር ቁጥራችንን ለማንም አንንገር። የሚያሳፍረንን ፎቶግራፍም አንስጥ።

አራተኛ፥ ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት በስልክ ወሬ አናቋርጥ።

አምስተኛ፥ ስንደውል ሌላ ሰው የማይሰማን ቦታ እንምረጥ።

ስልክ የማይበቃበት ጊዜም አለ። «ሞቴ ይሻለኛል» የሚል፥ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚዝት፥ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ፥ እህል ውኃ የተወ ሰው ካለ ብቻውን አንተወው። ገመድና የተባይ መድኃኒት ከአጠገቡ እናርቅ። ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። በአዲስ አበባ ለአእምሮ ሕመም የቆመው አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጸበል የሚወስድም ቢሆን ሕክምናውን አይተው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል።

እህቶችና ወንድሞች! ስልክ ያለው ይደውል። ስልክ የሌለው ደግሞ ጎረቤቱን ያናግር። ጎረቤት ሲያናግረን «ተወው፥ ያልፋል» ብለን አፉን አንዝጋ። «እስቲ ንገረኝ» እንበለው። ዝም ብለንም እስከ መጨረሻው እናዳምጠው። ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ይህን ከሚስታችን፥ ከባላችንና ከልጆቻችን እንጀምር።