እፉኝት ማንን ትጣላለች?

እፉኝት እናቷን ገድላ ትወለዳለች ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ጥንታዊ ነው፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ ሴቷ ወንዱን እንደምታጠፋ፣ ልጆቿም ሆዷን ቀደው እንደሚወጡ ይተርካል።

እውነቱ ሌላ ነው። ለማራባት አንድ ሳጥን ውስጥ ሲከተቱ፣ በብዙ የእፉኝት ዝርያዎች የሚጣሉት ወንዶቹ ናቸው። ቀና ብለው ይጠላለፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ራስ ወደ መሬት ለመጫን ይታገላል። መናከስ ብዙም የለም። በዱር የተሸነፈው ይሸሻል፤ ሳጥን ውስጥ ግን ወዴት ይሂድ? ይህ ያሳዝነኛል። ወንዶቹን ለየብቻ ማኖር፣ ከሴቷ ጋር ማገናኘትም በመራቢያ ወቅት ብቻ ነው የሚበጀው።

ልጆቹስ? ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኘው፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀችው የደጋ እፉኝት ሆዷ ሳይቀደድ በሕይወት ትወልዳቸዋለች።